ከመስታወቱ ወዲህ

ሙንተሲር ገመዱን ከመጨረሻው ብረት ላይ ሊያጠብቅ ሲጎትት አልመጣ አለው። ቀና ቢል መምህርት ስህን በአንድ እግሯ ቆማበታለች።

"እግርሽን አንሺልኝ፤ ሰው መግባት ጀምሯል።"

"አላነሳም። መጀመሪያ ምን ልታስር እንደሆነ ንገረኝ። ሰው ነው ወይስ ከብት?"

ስህን የኮሌጁ የስፖርት ክፍል ኃላፊ ናት። ከሙንተሲር ጋር ሐይቅ ከተማ አንድ ሰፈር ነው ያደጉት፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል። እሱ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ዓረብ አገር ሲሻገር፣ እሷ እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ዘለቀች። ተመልሳ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ኮሌጁ ውስጥ ያልተሟገተችው ሰው ቢፈለግ የበሩ ዘበኛ ብቻ ነው፤ እሱም ጆሮው አይሰማም። ስትቆጣ ድምጿ አይጨምርም፤ ቃሏ ነው የሚሾለው።

"የተስማማንበትን አታፍርሺ" አላት ሙንተሲር ዝቅ ባለ ድምፅ። "አንዲት ድንጋይ ብትወረወር ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ።"

ታውቃለች። እግሯንም ያነሳችው ስለምታውቅ ነው።

የሐይቁ ኮሌጅና የውጫሌው ኮሌጅ ተማሪዎች በየዓመቱ በዓሉ ሲቃረብ የገና ጨዋታ ይጋጠሙ ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጫፉ የጎበጠ ዱላውን ይዞ ጥንጓን፣ የእንጨት ኳሷን፣ ሲያሳድድ ይውላል፤ የማን በዓል ነው ብሎ የጠየቀ ኖሮ አያውቅም። ጦርነቱ ሲመጣ ጨዋታው ቀረ። ከዚያ ጦርነቱ ሄደ፣ ወሬው ግን እዚያው ተቀመጠ። የውጫሌ ሰው ወደ ደቡብ ሲሸሽ በሐይቅ በኩል ነበር ያለፈው። "ሐይቆች ውሃ በጣሳ ሸጡልን" የሚል ቃል ከአንድ አፍ ወጥቶ ውጫሌን አዳረሰ። ሐይቆች ደግሞ "ያሳደርናቸው ሰዎች ምንጣፋችንን ጠቅልለው ሄዱ" ይላሉ። ማን ሸጠ፣ ማን ጠቀለለ፣ ያጣራ የለም። የሁለቱ ከተማ ሰዎች ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው አጠረ። ድሮ የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደኅንነት ሳይጠይቅ እጁን የማይለቅ ሰው፣ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ማለፍ ጀመረ።

የዘንድሮውን ጨዋታ፣ መጀመሪያ በሐይቅ፣ መልሱን በውጫሌ፣ ተሟግታ ያስፈቀደችው ስህን ናት። የከተማው የጸጥታ ኃላፊ ሲታክተው እሺ አላት፤ ነገር ግን አንዲት ድንጋይ ከተወረወረች የዘንድሮውም የከርሞውም ጨዋታ እዚያው እንደሚቀር ቁርጡን ነገራት። ሜዳ የመምረጡና ተመልካች የመያዙ ሥራ ለሙንተሲር ተሰጠ። በአገሩ ከእሱ ሌላ ስታዲየም ውስጥ የሠራ ሰው አልነበረማ።

ሙንተሲር በዓረብ አገር የሠራበት ስታዲየም ታዲያ የእግር ኳስ አልነበረም። ውጭው እሳት የሚተፋ በረሃ ነው፤ ውስጡ በረዶ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቢላ የተገጠመለት ጫማ ያደርጉና፣ የጎበጠ ዱላ ይዘው እንደ ትንሽ ቂጣ የተጠፈጠፈች ጥቁር ነገር እያሳደዱ በበረዶው ላይ ይከንፋሉ። መጀመሪያ ያየ ቀን ለእናቱ ለሲቲ ደውሎ "እዚህ አገር በበረዶ ላይ ገና ይጫወታሉ" ቢላት፣ "ልጄ ትኩሳት ይዞሃል፤ ሐኪም ቤት ሂድ" አለችው።

በተጫዋቾቹና በተመልካቹ መካከል ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ወፍራም መስታወት ዙሪያውን ቆሟል። የሙንተሲር ሥራ ያንን መስታወት መወልወል ነበር። ወንበሮቹ ከፍ ዝቅ ብለው ስለተሠሩ ማንም የማንንም ዓይን አይጋርድም። ብርሃኑ ጥላ የለውም። ሰዉ ሲገባ አይጋፋም፣ ሲወጣ አይጯጯህም። ሙንተሲር ያን አዳራሽ ሲያነሳ ዛሬም ዓይኑ ይበራል። ሰው ለመመልከቻ ቦታ ያን ያህል መጨነቁ ገርሞት አያባራም።

ባለፈው ሳምንት ከስህን ጋር ሜዳ ሲያወዳድሩ ሰነበቱ። በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለው ሜዳ ለዓይን ወደር የለውም፤ ዙሪያው ዳገት ሆኖ መሃሉ እንደ መዳፍ ጎድጎድ ያለ ነው፣ የትም ቢቀመጡ ጥንጓ ትታያለች። ግን ባጃጅ አይደርስበትም፤ ሽማግሌና አሮጊቱ በምን ይሂድ? ከኮሌጁ አጥር በታች ወደ ሐይቁ የሚወርደው ጨፌ ደግሞ የጥንቱ የገና ሜዳ ነው። ሣሩ እግር አይልጥም፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፊት ይዳብሳል፣ ተመልካቹ ዳገቱ ላይ ተነባብሮ ይቀመጣል። ሆኖም አጥር የለው፣ መስመር የለው፤ ጥንጓ ሰው መሃል ትገባለች፣ ተጫዋቹም ይከተላታል። የቀረው የኮሌጁ ሜዳ ነበር። ግንብ አለው፣ የብረት በር አለው፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የሲሚንቶ ደረጃዎች አሉት። የእንጨት አግዳሚዎቹን በጦርነቱ እዚያ የሰፈረው ጦር ማገዶ አድርጓቸው ነበርና ሲሚንቶው ብቻ ቀርቷል።

ስህን ጨፌው ይሁን አለች። ገና በዓይን ብቻ አይታይም ብላ ተከራከረች። ሙንተሲር ኮሌጁ ውስጥ ይሁን አለ። ሐይቅ በአንዱ ደረጃ፣ ውጫሌ በሌላው፣ መካከሉ ተጫዋች ብቻ፤ በየደረጃው ፊት ደግሞ ገመድ። የጸጥታ ኃላፊው ከእሱ ጋር ቆመ። ስህንም በሕይወቷ ጥቂት ጊዜ ከተሸነፈችባቸው ክርክሮች አንዱን ተሸነፈች።

ከቀትር በኋላ ውጫሌዎች በአይሱዙ ተጭነው ደረሱ። ከፊት የወረደው በጉብዝናው ዘመን የውጫሌ የገና አለቃ የነበረው አያ ሙላት ነው። ዱላውን እንደ ምርኩዝ እየተደገፈ ቀጥ ብሎ ወደ ደረጃው ወጣና፣ ከመሃል አንዷን መርጦ በእጁ መታ መታ አድርጎ ተቀመጠባት።

"ይቺን ደረጃ አውቃታለሁ" አለው ሙንተሲርን። "በስደቱ ጊዜ ያደርኩባት ናት። የዚህ አገር ሴቶች ቂጣ በነጠላቸው እየቋጠሩ እዚችው ላይ ያመጡልን ነበር። ያኔ ገመድ አልነበረም።"

"አብሽሩ አያ ሙላት። ገመዱ ለእናንተው ደኅንነት ነው።"

"ከማን?" አለ ሽማግሌው።

ያኔ ጨዋታው ተጀመረ።

የሐይቁ አለቃ ሀሚዱ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሮጥ እግሩ መሬት የማይነካ የሚመስል ልጅ። የውጫሌው አራጋው አጭርና ደንዳና ነው። ሁለቱም የሚያስመካ ክንድ አላቸው፤ ግን ያን ቀን ጥንጓን የሚለጉት ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ነው። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ደረጃው ዝም ይላል። ለዓይን ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር። ማንም ማንንም አልጋረደም። ሙንተሲር ያን እያየ ደስ ሊለው ሲገባ የሆነ ነገር ቅር አለው።

ገና ያለ ስድብ ጨው የሌለው ወጥ ነው። ጥንጓን የሳተ ይሰደባል፣ የመታ ይመካል፤ ሎሌው ጌታውን፣ ተማሪው መምህሩን በግጥም ያብጠለጥላል፣ ተሰዳቢውም የተሻለ ስድብ ፈልጎ ይመልሳል እንጂ አይቀየምም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለው ለዚሁ ነው። አገሩ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ቂም በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያራግፍበትን ይህን ብልሃት ያወጡ አያቶች መቼም ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ብልሃቱ የሚሠራው ግን ስድቡ ሲሰማ ነው።

ከወዲያኛው ደረጃ የሺሀረግ ተነሳች። በውጫሌ ሰርግና ገና ያለ እሷ አይደምቅም፤ ግጥም ከአፏ እንደ ውሃ ይወርዳል። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ሐይቆች ዞራ አወረደችው። ውጫሌዎች በሳቅ ተንከተከቱ። ሐይቆች ዘንድ የደረሰው ዜማውና ሳቁ ብቻ ነበር፤ ቃሉን የሐይቁ ነፋስ ከመንገድ ወሰደው።

"ምን አለች?" ተባለ በሐይቆች ደረጃ።

"ስለ ውሃው ነው መሰለኝ።"

"የምን ውሃ፣ ስለ እናቶቻችን ነው እንጂ።"

ወሬው ከታችኛው ደረጃ ተነስቶ ላይኛው እስኪደርስ ስለ እናቶች የነበረው ስለ ሞቱት ልጆች ሆነ። አንደኛው ወገን ያልተባለውን ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ። ሌላኛው ደግሞ ወዲያ ማዶ የጠቆረውን ፊት አይቶ ሳቁን አቋረጠና፣ እነዚህ ምን እየዶለቱ ነው እያለ መተያየት ጀመረ።

ሙንተሲር ገመዱን ይዞ ሲዞር ሙሐዲንን አየው። ሙሐዲን ባጃጅ ነጂ ነው፤ ቤቱን ለስደተኛ ለቅቆ፣ ስደተኛው ሲሄድ ምንጣፉ የጠፋበት ሰው። ከተሰነጠቀው ደረጃ ቡጢ የሚያህል ሲሚንቶ ፈልቅቆ በመዳፉ ይመዝነዋል።

"ሙሐዲን፣ አስቀምጠው።"

"አልወረወርኩም" አለ ሙሐዲን ዓይኑን ከወዲያኛው ደረጃ ሳያነሳ። "እንዲሁ ይዤው ነው።"

ያን ጊዜ ለሙንተሲር አንድ ነገር ትዝ አለው። አንድ ቀን በዓረብ አገር መስታወቱን ሲወለውል፣ ከወዲያ በኩል ሁለት ተማሪዎች አፍንጫ ላፍንጫ ገጥመው ሲጯጯሁ አየ። አፋቸው ይከፈታል፣ ዱላቸው ይወዛወዛል፤ ድምፅ ግን የለም። ሊጋደሉ ነው ብሎ መወልወያውን ጥሎ ወደ ኃላፊዎቹ ሮጠ። ሰዎቹ በሩን ከፍተው ሲደርሱ ልጆቹ በሳቅ ተደጋግፈው ነበር። ቀልድ ኖሯል። የሥራ ጓደኞቹ ሲስቁበት ከረሙ። መስታወቱ ግን ጥፋት አልነበረበትም፤ ከእሱ በላይ የጠራ መስታወት በዚያ አገር አልነበረም። ሁሉን ያሳያል። ሳቅን ከጠብ መለየት ብቻ አያስችልም።

ወደ ስህን ሄደ።

"የሺሀረግ ምን እንዳለች ሰምተሻል?"

"አልሰማሁም" አለችው። "ማንም አልሰማም። ያን ገመድ የዘረጋኸው እንዳይሰማ አይደል?"

ሊመልስላት አልቆመም። በሜዳው ግርጌ ወደ ጨፌው የሚያስወጣው የብረት በር ጋ ደርሶ መወርወሪያውን ሳበው። ዝጎ ነበርና በእግሩ መታው። በሩ ሲከፈት አረንጓዴው ዳገትና ከግርጌው የተኛው ሐይቅ አንድ ላይ ታዩ። ሙንተሲር ወደ መሃል ተመልሶ ጥንጓን ከሀሚዱ እግር ሥር አነሳና በበሩ በኩል አሽቀንጥሮ ወረወራት። ልጆቹ አንድ አፍታ ፈዘዙ። ከዚያ አራጋው ቀድሞ ሮጠ፣ ሀሚዱ ተከተለው፣ ጥንጓ ባለችበት ጨዋታው አለና ሁሉም ግር ብሎ ወጣ።

የጸጥታ ኃላፊው እየሮጠ መጣ። ሰው ከተደባለቀ ማን ይይዘዋል፣ አንተ ምን ነክቶሃል እያለ በሩን ሊዘጋ ሲል ስህን ደጃፉ ላይ ቆመች።

"ማንን ነው የሚፈሩት?" አለችው። "ይህ ሕዝብ መድፍ ሲያጓራ እንኳ በሩን ለጎረቤቱ ከፍቷል። ዛሬ ሰላም በሆነ ቀን ነው በገመድ የሚያዘው? ጠብ እንዳይነሳ ብለን ለያየነው፤ ይኸው ዝም ብለው ተቀምጠው ጠቡን ሠሩት። ያልሰሙትን ስድብ እያንዳንዳቸው በልካቸው ሰፉት። እስቲ የተባለውን ይስሙ፤ ቢያንስ የሚጣሉት በእውነተኛ ነገር ይሆናል።"

"ድንጋይ ቢወረወርስ?"

"ይቺ ራሴ ትቅደም።"

ኃላፊው ብቻውን ከእሷ ጋር ተሟግቶ ያሸነፈበትን ቀን አላስታወሰም። ፈቀቅ አለ።

ሁለቱ ደረጃዎች ባዶ ሆኑ። ሰዉ ወደ ጨፌው ሲወርድ በሩ ጠባብ ስለነበረ ውጫሌውና ሐይቁ ትከሻ ለትከሻ ተጋፋ፤ "ይለፉ እናቴ"፣ "ቀስ ይበሉ አባቴ" መባባል ግድ ሆነ። ዳገቱ ላይም እንደ ድሮው ያገኘው ካገኘው ጎን ተቀመጠ። ሙንተሲር ግን ዓይኑን ከሙሐዲን አላነሳም። ሲሚንቶው አሁንም በእጁ ነው።

የሺሀረግ ከሐይቆቹ መሃል ቆማ ራሷን አገኘችው። የፈራች እንደሆነ የሚታይባት ሴት አይደለችም። ጉሮሮዋን ጠረገች፤

"ያን የሚያህል ሐይቅ ከደጁ ተኝቶ፣
በጣሳ ሸጠልን ዋጋውን አስልቶ።"

ሳቅ የለም። ልጆቹ እንኳ ዱላቸውን አውርደው ቆሙ። ዓመት ሙሉ በየጓዳው ሲንሾካሾኩበት የከረሙት ነገር በአደባባይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዜማ ተባለ። ነገሩ ሲሰማ እንደተፈራው ትልቅ አልነበረም፤ ሁለት ስንኝ ነው። ሀሚዱ ወደ ወገኖቹ አየና፣ መልስ የሚሰጥ ሰው ሲያጣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ራሱ ቀጠለ፤

"ሰው በነጻ ጠጣ ሐይቅ ላይ ሲስተናገድ፣
ከፈልኩ የምትለው አህያ ነህ የግድ።"

ይህ ከባድ ስድብ ነው፤ በሌላ ቀን ደም ያፋስሳል። የውጫሌ ጎረምሶች ወደ አያ ሙላት ዞሩ፤ እሱ ከተቆጣ ሊቆጡ።

አያ ሙላት ምርኩዙን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። እንደምንም ብሎ ተነሳ። ሁለት እጆቹን ከጆሮው በላይ ቀጥ አድርጎ እንደ አህያ ጆሮ እያወዛወዘ፣ በሐይቆቹ መሃል መሄድ ጀመረ። ሙሐዲን ፊት ሲደርስ ቆመና ክፉኛ አናፋ።

"አህያ ከሆንኩማ" አለ ትንፋሹን ሲያገኝ፣ "ገለባዬን አቅርቡልኝ። ከሩቅ አገር ነው የመጣሁት።"

ሙሐዲን ሽማግሌውን አየው። ከዚያ የራሱን እጅ አየ፣ በመዳፉ ምን እንደያዘ የረሳ ይመስል። ሲሚንቶውን ከእግሩ ሥር ጣለና ጎንበስ ብሎ ከጨፌው ሁለት እጁ ሙሉ ሣር ነጨ። ለሽማግሌው ዘረጋለት።

"በል ብላ፤ ለእንግዳ አንሰስትም" አለው። "ብቻ ምንጣፌን የበላ ሰው ሣር ይጠግባል?"

አያ ሙላት ከሣሩ አንዲት ዘለላ መዝዞ ጥርሱ መካከል አደረጋትና እያጣጣመ ጥቂት አሰበ።

"ምንጣፍህ ይሻል ነበር" አለው። "ጨው ነበረው።"

መጀመሪያ የሳቀው ሙሐዲን ራሱ ነው። ሳቁ ሳል ይመስል ነበር፤ ሊይዘው ሞክሮ አቃተውና ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ዳገቱ በሙሉ ፈነዳ። የሺሀረግ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ ወረደ። የጸጥታ ኃላፊው ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ስህን አየችው። ማን ውሃ እንደሸጠና ማን ምንጣፍ እንደወሰደ በዚያ ቀንም አልታወቀም። ግን የአያ ሙላት ጉልበት ሲደክም የደገፈው ሙሐዲን ነው፤ ሽማግሌውም እስከ ጨዋታው መጨረሻ ክንዱን አልለቀቀም።

ጨዋታ የተባለው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሀሚዱ ሲለጋ ጥንጓ ታፏጫለች፤ አራጋው ከሰው መሃል ገብቶ ያወጣታል። አንዴ የአንዲት አሮጊት እግር ሥር ገብታ ቀረች፤ አሮጊቷ በምርኩዛቸው ገፍተው ለውጫሌ ሲሰጧት ሐይቆች "ባንዳ" እያሉ ሳቁባቸው። ጥንጓ ከዓይን የጠፋችበት ጊዜ ከታየችበት ይበልጣል። ሙንተሲር በወለወለው መስታወት በኩል ስንት ጨዋታ አይቷል፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየም። ይህ ሕዝብ መመልከቻ ሠርቶ አያውቅም፤ መመልከት ግን ያውቅበታል ብሎ አሰበ፤ አሰበና ኮራ።

ፀሐይ ወደ አምባሰል ተራሮች ስታዘቀዝቅ ውጫሌ አሸነፈ። አራጋውን ተሸክመው ሐይቆችን በግጥም እየወረፉ ወደ አይሱዙው ሲወጡ፣ ሐይቆች እየመለሱ ሸኟቸው። አያ ሙላት ከጋቢናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ የመልሱ ጨዋታ በሚመጣው እሑድ በእነሱ አገር መሆኑን አስታወሰና፣ ሙሐዲንን በስሙ ጠርቶ እንዳትቀር አለው።

ሙንተሲር ገመዱን ከብረቶቹ ላይ እየፈታ ሲጠቀልል ስህንና የጸጥታ ኃላፊው መጡ። ስህን ያሸነፈችውን ክርክር ሳታነሳ ስትቀር ይህ የመጀመሪያዋ ይሆናል። ኃላፊው የእሑዱን ነገር አሁኑኑ መቁረጥ ፈለገ። ውጫሌ የትኛው ሜዳ ይሁን ብሎ ጠየቀው።

"የገበያው ዳር።"

"እዚያ ፀሐይዋ ፊት ለፊት አይደለም እንዴ የምትመታው? አንተው ነህ ያልከኝ።"

"ትምታን። ሰዉ እዚያ ነው የሚቀራረበው።"

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። "ስንት ጥቅል ገመድ ይበቃሃል ታዲያ?"

ሙንተሲር የጠቀለለውን ገመድ አየና በባዶው ደረጃ ላይ አስቀመጠው።

"ገመድ ይቅር" አለው። "አንድ ሸክም ገለባ ይጫንልን።"